ቋጠሮዋ

ዛሬ ከቀትር በኋላ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ያለ ዕረፍት ሲቀጠቅጠው፣ ማንበብም ሰው ማነጋገርም አስጠልቶኝ ስለነበር፣ ስልኬን ቻርጅ ላድርግ ብዬ ወደ አባቴ ክፍል ገባሁ። የዚያ ክፍል ሶኬት ሦስት ቀዳዳዎቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ የጣሊያን ዓይነት ነው፤ እግሩ ወፍራም የሆነ ነገር አይገባበትም፣ የስልክ ቻርጀር ግን ይገባል። ገባ እንጂ አልሠራም።

ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚበራውን ቴስተር ሳስገባ ግራውም ቀኙም አበራ። አንዱ ፌዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው፣ ከሆነ ሌላው ኒውትራል፣ ማለትም ቴስተር የማያበራው መመለሻ፣ ሊሆን እንደሚገባ ስለማውቅ በቤቱ ላይ ያለኝ እምነት ተናጋ። ኤሌክትሪክ ለሚያውቁት ለጋሼ ተ. ስደውልላቸው ብዙም አልገረማቸው። «ኒውትራሉ አንድ ቦታ ተበጥሷል ልጄ፤ በዚያው መስመር ላይ ማብሪያው ያልጠፋ አምፖል ካለ፣ ፌዙ በአምፖሉ ክር አልፎ በኒውትራሉ ሽቦ ይመለስብሻል። ዝናቡ ሲያባራ መጥቼ አየዋለሁ፣ አትነካኪው» አሉኝ። ተቃጥሏል ብለን ከተውነው ሳምንት ያለፈውን የጓዳ አምፖል ማብሪያ ሳጠፋው፣ የቀኙ ቀዳዳ ወዲያው ጨለመ። አምፖሉ ለካ ደኅና ነበር።

አትንኪ መባሌን ረስቼ ብሬከሩን፣ የቤቱን ኤሌክትሪክ ማቋረጫ፣ ዘጋሁና የሶኬቱን ክዳን በካቻቢቴ ፈታሁት። ሽቦዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ለመካከለኛው ቀዳዳ፣ ከመሬት ጋር ለሚያገናኘው ለግራውንዱ ማለት ነው፣ የተሳበ ሽቦ የለም። ሁለቱም በጨርቅ የተሸፈኑና ጥቁር ናቸው፤ ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል የሚባለው የዛሬ ሥርዓት እዚህ ግድግዳ ውስጥ አልደረሰም። ነገር ግን በግራው ሽቦ ላይ፣ በፌዙ፣ አንዲት ትንሽ ቋጠሮ አገኘሁ።

መስመሩን የዘረጋው አባቴ ነው። 220 ቮልት የሚያልፍበትን ሽቦ በቋጠሮ ብቻ ምልክት አድርጎ ዝም ማለት ደግሞ ሙሉ በሙሉ የእርሱ ጠባይ ነው። በጓሯችን የቡና ዛፎች ላይም ቃጫ ያስር ነበር፤ ቃጫ የታሰረበት ቅርንጫፍ የሚቆረጠው ይሁን የሚተወው ለማናችንም ሳይነግረን አለፈ፤ እማዬም እስከ ዛሬ አንዱንም አታስቆርጥም። እኔ ግን በመጨረሻ አንድ ቋንቋውን የፈታሁ መስሎኝ፣ ብሬከሩን እየከፈትሁና እየዘጋሁ ወደ ሳሎኑ ሶኬት ሄድሁ። እዚያም ቋጠሮዋ በፌዙ ላይ ነበረች። በደስታዬ ብዛት የሦስቱን ክፍል ግድግዳ በወረቀት ላይ ስዬ፣ ፌዝ ያልሁትን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ማስመር ጀመርሁ፤ አባቴ ቢያየኝ ምን ይለኝ እንደነበር ሳስብም ምናልባት እንደ ልማዱ ወረቀቱን አገላብጦ ይመልስልኝ ነበር አልሁ።

በሦስተኛው፣ በመኝታ ቤቱ ሶኬት ውስጥ፣ ቋጠሮዋ በኒውትራሉ ላይ ተገኘች።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። እማዬ ከጓዳ «አንቺ ልጅ፣ ፍሪጁ ውኃ እያፈሰሰ ነው!» ስትል ነው ብሬከሩን ዘግቼ እንደተውሁት ትዝ ያለኝ። ኒውትራሉ የት ላይ እንደተበጠሰ ገና አልፈለግሁም። ስልኬም ጠፍቷል፤ ይህንን የምጽፈው በእማዬ ስልክ ነው። ጋሼ ተ. ነገ ጠዋት መጥተው ሦስት የተፈቱ ሶኬቶችና አንድ በቀለም የተዥጎረጎረ ካርታ ሲያዩ ምን እንደምላቸው አላውቅም። ያቺ ሦስተኛዋ ቋጠሮ ስህተቱ ናት፣ ወይስ አባቴ ከመጀመሪያውም የረዘመበትን ሽቦ ሲያሳጥር ኖሮ ነው?