ያንን እጀታ ማን ክፈት አለኝ

ባለፈው ሐምሌ ከሦስት ልጆቻችን ጋር ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሄድን፤ በተከራየነው አርቪ፣ ማለትም አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ቤት በያዘው መኪና። ተራው መንጃ ፈቃድ በቂ ነው፤ ግማሽ ቀን ከነዱት እጅ ይለምደዋል። አከራዮቹ «ስድስት ሰው ያስተኛል» ይላሉ፤ አራት ብላችሁ ያዙት። እኛ አምስት ሆነን ትልቁ ልጃችን ወለል ላይ አደረ። የልጆች መቀመጫ የሚታሰርበት፣ ፊቱን ወደ ፊት ያዞረና ቀበቶ ያለው ወንበር ስንት እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ገብታችሁ ቁጠሩ። ጥቁር ድብ ስላለ ምግብ ውጭ አታሳድሩ። ቡናም ውስጥ አትቁሉ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ የአራት ዓመቱ ልጃችን ከአልጋው ሊወድቅ ነበር።

አሁን ወደ መጸዳጃው ልምጣ።

መኪናው ሥር ሁለት የቆሻሻ ታንኮች አሉ፤ አንዱ የመጸዳጃው፣ ሌላው የገላና የዕቃ መታጠቢያው። ሁለቱም መውጫቸውን የሚከፍትና የሚዘጋ የየራሳቸው እጀታ አላቸው። መኪናውን ያስረከበኝ ወጣት ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል «ቱቦውን ሰክተህ ሁለቱንም ክፈትና ተወው፤ ራሱ ይሄዳል» አለኝ። የሰጠኝ ወረቀትም ይህንኑ ይላል። ሥራ የቀለለልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሉሬይ ከተማ አጠገብ ውኃ፣ መብራትና የፍሳሽ መስመር ባለው የግል ካምፕ ሁለት ሌሊት አደርን። እንደተባልኩት አደረግሁ። ፈሳሹ ወዲያው ወዲያው ሄደ፤ የመጸዳጃ ወረቀቱና ሌላው ግን ታንኩ ወለል ላይ ተከመረ። ውኃ ካልተከተለው ቆሻሻ እንደማይሄድ፣ ሽንት ቤት ላይ በባልዲ እየደፋ ላደገ ሰው ሊነገረው አይገባም ነበር።

በሦስተኛው ቀን በሜሪስ ሮክ ዋሻ በኩል ፓርኩ ውስጥ ወዳለው ቢግ ሜዶውስ ካምፕ ወጣን። የዋሻው ከፍታ 12 ጫማ ከ8 ኢንች፣ የመኪናችን 11 ተኩል ነው፤ ባለቤቴ ግን አንገቷን ደፍታ ነው ያለፈችው። እዚያ ካምፕ በየመኪናው የሚሰካ መስመር የለም፤ የታንክ ማራገፊያው የጋራ ነው። የስድስት ዓመቷ ልጄ የመጸዳጃ ወረቀቱን እንደ ፋሻ እየጠቀለለች ትጥላለች። በማግስቱ ጠዋት «አባዬ፣ የቤታችን ሆድ ታሟል» አለችኝ።

ማራገፊያው ላይ ከኋላዬ አራት መኪና ተሰልፏል። ጓንት አጥልቄ፣ ቱቦውን አጥብቄ እጀታውን ሳብኩ። ጠብታ የለም። ገፍቼ እንደገና ሳብኩ። ምንም። ከኋላ ያሉት አንድ በአንድ ሞተራቸውን ማጥፋት ጀመሩ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ወርደው መጡና «ከፍተኸው ነው የከረምከው» አሉኝ። ዝጋው፣ በመጸዳጃው በኩል ውኃ ሙላበት፣ ጠመዝማዛውን መንገድ ንዳው፣ ነገ ተመለስ።

የፓርኩ መንገድ በሆነው ስካይላይን ድራይቭ ላይ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት አይፈቀድም፤ ኩርባው ግን ለዚህ ሥራ ይበቃል። ያን ከሰዓት በኋላ ቤተሰቤ ተራራውን ሲያይ እኔ በየኩርባው ከሥር የሚሰማውን መንቦጫረቅ አዳመጥኩ። በማግስቱ እጀታውን ስስብ ቱቦው በድንገት ከብዶ ዘለለ። የፈሰሰውን አልዘረዝርም፤ ጫማዬን እዚያው ጣልኩት።

ስለዚህ የአከራዮቹን የመመሪያ ወረቀት ተዉት። የመጸዳጃውን እጀታ ዘግታችሁ ቆዩ፤ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው እስኪሞላ አትንኩት። መጀመሪያ እሱን አራግፉ፣ ከዚያ የመታጠቢያውን፤ የሳሙናው ውኃ ቱቦውን ያጥበዋል። ዘግታችሁም አንድ ሁለት ባልዲ ውኃ ጨምሩበት። የእኔ ቤት አዲስ ሕግ ደግሞ ካምፑ መጸዳጃ ካለው ልጆች የመኪናውን የሚጠቀሙት ሌሊት ብቻ ነው።

መኪናውን ስመልስ ያው ወጣት የታንኩን መጠን ጠቋሚ አይቶ «ታንኩ ባዶ አይደለም» በማለት ካስያዝኩት ገንዘብ 250 ዶላር ቆረጠ። የመጸዳጃ ወረቀት የተለጠፈበት ጠቋሚ ባዶውን ታንክ ሙሉ ነው እንደሚል ብነግረው አልሰማኝም። የሰጠኝን መመሪያ አውጥቼ መስመሩን በጣቴ አሳየሁት። አነበበና «ይህ የድሮው ነው» አለኝ። ከዚያም ከኋላዬ ለቆመው ቤተሰብ ከዚያው ክምር አንድ አንስቶ ሰጠ።