እናቴ፣ ሁለቱ ዴኮችና የሠርጉ ሲዲ

አሮጌው ዴካችን የተበላሸው የማይሆን ጊዜ ላይ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 2007 እየተገባደደ ነበር፤ በእኛ ደግሞ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ከገባ ገና ጥቂት ወራት ሆኖታል። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። በዚያ ሰሞን አሜሪካ ውስጥ የቪዲዮ ማጫወቻ ልግዛ ብሎ የወጣ ሰው ከዕቃው በፊት ወገን መምረጥ ነበረበት፤ ከዲቪዲ ይበልጥ የጠራ ምስል የሚያሳዩ ሁለት አዲስ ዓይነት ሲዲዎች ወጥተዋልና ወይ ቶሺባ የሚመራውን የኤችዲ ዲቪዲ ጎራ፣ ወይ ሶኒ ከነባልንጀሮቹ የቆመበትን የብሉ ሬይ ጎራ። የአንዱ ሲዲ በሌላው ዴክ አይሠራም። ሲዲዎቹን ከማቀፊያቸው አውጥቶ ጎን ለጎን ላስቀመጣቸው ሰው ግን መንታ ናቸው።

መደብሩ ውስጥ ሁለቱን ጎራዎች ፊት ለፊት አቁመዋቸዋል። በስተቀኝ ማቀፊያቸው ቀይ የሆነ የኤችዲ ዲቪዲ ፊልሞች፣ በስተግራ ማቀፊያቸው ሰማያዊ የሆነ የብሉ ሬይ ፊልሞች፣ ከየመደርደሪያው አናት አንዳንድ ትልቅ ቴሌቪዥን። በቀዩ በኩል የአንድ ተዋናይ ፊት ስክሪኑን ሞልቶታል፤ ምላጭ የሳታቸው ሦስት አራት ፀጉሮች ከአገጩ ሥር ይታያሉ። በሰማያዊው በኩል የዝናብ ጠብታ ቅጠል ላይ ይንከባለላል። ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለስኩ ልዩነት ብፈልግ አጣሁ። ባጣም አይገርምም፤ የሁለቱም ምስል በወርድ 1,920፣ በቁመት 1,080 ነጥብ ነው። ሻጩ ወጣት "ሁለቱም ጥሩ ናቸው" አለኝ። አንተስ የትኛውን ገዛህ ብዬ ስጠይቀው ባልና ሚስት እንደሚያስታርቅ ሽማግሌ ወደማንም ሳያዘነብል አለፈው።

ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። የነገሩ ሥር ብርሃን ነው። የዲቪዲ ዴክ ሲዲውን የሚያነበው የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖሜትር በሆነ ቀይ ሌዘር ነው፤ አዲሶቹ ሁለቱም የሚያነቡት ከሰማያዊ ወደ ሐምራዊ በሚያደላ የ405 ናኖሜትር ሌዘር ነው። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ይበልጥ ጥቃቅን ምልክት ይነበባል፤ ስለዚህ በዚያው 12 ሴንቲሜትር ስፋት ላይ ብዙ ይጫናል። የተለያዩት ከዚህ በኋላ ነው። ቶሺባ መረጃውን ልክ እንደ ዲቪዲ ከገጹ 0.6 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ አስቀመጠው። የዲቪዲ ፋብሪካዎች ማሽናቸውን ብዙ ሳይለውጡ ሊያትሙት ይችላሉ፤ በአንድ ንጣፍ የሚይዘው 15 ጊጋባይት ነው። ሶኒዎች ወደ ገጹ አስጠግተው 0.1 ሚሊሜትር ላይ አኖሩትና በአንድ ንጣፍ 25 ጊጋባይት አገኙ። በምትኩ ሲዲው በቀላሉ እንዳይጫር ጠንካራ ሽፋን ማበጀትና በአዲስ መሣሪያ ማተም ግድ ሆነባቸው። ባለ ሥራ ያለውን ሲጠቀምበት ደስ ይለኛልና ልቤ ወደ ቶሺባ አደላ።

ግን ዴክ ብቻውን ምን ያደርጋል? ዩኒቨርሳል ፊልሞቹን የሚያወጣው በኤችዲ ዲቪዲ ብቻ ነበር። ፓራማውንት ለሁለቱም ሲያወጣ ቆይቶ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ብሉ ሬይን ጥሎ ወጣ። ዲዝኒ፣ ፎክስና ሶኒ በብሉ ሬይ በኩል ቆመዋል፤ ዋርነር ሁለቱንም ቦታ ረግጧል። በዕድሜዬ አንድ ፊልም የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ አሁን ዴክ ለመግዛት ይህን ሁሉ የዘር ሐረግ መቁጠር ሊኖርብኝ ነው። ኤልጂ በዓመቱ መጀመሪያ ሁለቱንም የሚያጫውት ዴክ አውጥቶ ነበር፤ ዋጋው 1,199 ዶላር ነው። በዚህ ገንዘብ እናቴን ከአዲስ አበባ አስመጣበታለሁ ብዬ ተውኩት። አስመጣኋትም።

የባለቤቴ ወንድም እንደ እኔ የሚያመነታ ሰው አይደለም። ዓርብ ኖቬምበር 2 ዋልማርት ኤችዲ ኤ2 የተባለውን የቶሺባ ዴክ በ98 ዶላር ከ87 ሳንቲም እንደሚሸጥ ሲሰማ በማለዳ ተሰለፈ። የቶሺባ የመጀመሪያው ዴክ ከዓመት ተኩል በፊት 499 ዶላር ነበር፤ የሳምሰንግ የመጀመሪያው ብሉ ሬይ ደግሞ 999። ካርቶኑን በብብቱ እንዳቀፈ በቀጥታ እኛ ቤት መጣ። ክርክሩም ባዶ አልነበረም፤ ሶኒ ይህን ጦርነት አንድ ጊዜ ተሸንፎታል ይላል። ቤታማክስ የተባለው የሶኒ የቪዲዮ ካሴት በ1975 ወጣ፣ በዓመቱ ተፎካካሪው ቪኤችኤስ ተከተለው። የቤታማክስ ካሴት መጀመሪያ ላይ የሚቀዳው አንድ ሰዓት ብቻ ሲሆን ቪኤችኤስ ሁለት ሰዓት ይቀዳ ነበር። ሰው ምስሉ ይበልጥ ጠራ አልጠራ ሳይል፣ ፊልሙን ከእነመጨረሻው የሚቀዳለትን ይዞ ሄደ። በ1988 ሶኒ ራሱ የቪኤችኤስ ዴክ መሥራት ጀመረ።

"ርካሹ ያሸንፋል፤ ታያለህ" አለኝ ቡናውን እያነሳ። መልስ አልነበረኝም።

እናቴ የመጣችው በኅዳር መጨረሻ ነው። ሻንጣዋ ሲከፈት በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቆሎው ወጣና ከሥር በነጠላ የተጠቀለለ የሲዲ ክምር ተገኘ። የእህቴ ልጅ ሠርግ፣ በሰፈራችን የተቀረጸ የሚሊኒየም ዋዜማ፣ ከዚያም ከመርካቶ የተገዙ የአማርኛ ፊልሞች። ፊልሞቹ የሚበዙት ቪሲዲ፣ ማለትም ከዲቪዲ በፊት የነበረው ትንሽ የሚይዝ የፊልም ሲዲ ናቸው፤ አንዱ ፊልም ሁለት ሲዲ ነው፤ ልጅቱ ምስጢሩን ልትናገር አፏን ስትከፍት ተነስቶ ሁለተኛውን መክተት ነው።

ከጎረቤት ዴክ ተውሰን የሠርጉን ዲቪዲ ከተትን። ቀለሙ ጠፍቶ ጥቁርና ነጭ ሆነ፤ ምስሉም ከታች ወደ ላይ መሽከርከር ጀመረ። ጥቁር መስመር ሙሽራዋን ከወገቧ ላይ ቆርጧታል፤ ጫማዋ ከስክሪኑ አናት፣ አክሊሏ ከስክሪኑ ግርጌ ሆኗል። እናቴ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አደረገችው።

"ልጄ፣ ሙሽራዋን ምን አደረጋችኋት?"

"እኛ አይደለንም እማዬ፤ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ነው።"

እውነቴን ነው። ኢትዮጵያ ያኔ የምትጠቀመው ፓል የሚባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓት ነበር፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። የያኔው የአሜሪካ ሥርዓት ኤንቲኤስሲ 525 መስመርና በሰከንድ 30 ያህል ምስል ነበረው። ሁለቱን የሚያስማማ ዴክ ከሌለ ሙሽራዋ እንደዚያ እየተገለባበጠች ትኖራለች። ከፋብሪካ የሚወጣ ዲቪዲ በዚህ ላይ ክልል አለው፤ አሜሪካ ክልል 1፣ ኢትዮጵያ ክልል 5 ተመድበዋል፤ የአንዱ ክልል ፊልም በሌላው ዴክ ላይ እንዳይከፈት ይቆለፋል። የሠርግ ቀራጭ ያባዛው ሲዲ ይህ ቁልፍ የለበትም። ፓልነቱ ግን አብሮት መጥቷል።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ የመደብሩን ቀይና ሰማያዊ መደርደሪያ በሌላ ዓይን አየሁት። በፓል የተሠራ ቪሲዲ ምስሉ 352 በ288 ነጥብ ነው፤ ቢባዛ መቶ አንድ ሺህ ከፍ ይላል። አዲሶቹ ሁለቱም ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥብ ያሳያሉ፤ ሃያ እጥፍ መሆኑ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሁለት ሚሊዮኑን ነጥብ ማን ያሳይ ብለው ሲተናነቁ እኛ ቤት የጠፋው መቶ ሺሁን የሚያሳይ ነው። የሁለቱንም ወገን ዴኮች የመመሪያ ወረቀት እያገላበጥኩ ቪሲዲ የሚል ፈለግኩ፤ ካየኋቸው መካከል በአንዱም ላይ አልተጻፈም። ከጦርነቱ የወጣሁት እዚህ ላይ ነው። ማን ያሸንፋል የሚለውን ትቼ የእናቴን ሻንጣ ማን ያጫውታል ወደሚለው ዞርኩ።

በየከተማው ወደ አገራቸው ለሚመለሱ ሰዎች ባለ 220 ቮልት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አይጠፋም። ምጣድ፣ ካውያ፣ የቮልት መቀየሪያ፣ ትልልቅ ሻንጣ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኛል። ባለ ሱቁ ሕንዳዊ ነው። የሠርጉን ነገር ጀምሬ ሳልጨርስ "ፓል ነው?" አለኝ። የእርሱም ዘመዶች ሠርግ በፓል ነው የሚመጣለት። ከመደርደሪያው ቀጭን ዴክ አወረደ፤ ዲቪዲ፣ ቪሲዲ፣ ፓልን ወደ ኤንቲኤስሲ መለወጥ፣ ሁሉም አለው፤ ዋጋው ስልሳ ዶላር ገደማ። ክልሉን ለመክፈት የሲዲውን መሳቢያ አውጥቶ ሪሞቱ ላይ ተከታታይ ቁጥሮች መጫን ብቻ ይበቃል። ቁጥሮቹን ከደረሰኙ ጀርባ ጻፈልኝና "ለሌላ ሰው ቢነግሩም ግድ የለም" ብሎ ሳቀ።

ገና ሰኞ ዋለ፤ ጃንዋሪ 7። ቤቱ በዘመድ ሞላ። ዋርነር ከግንቦት በኋላ ፊልሞቹን በብሉ ሬይ ብቻ እንደማወጣ እወቁልኝ ያለው ከሦስት ቀን በፊት፣ ዓርብ ዕለት ነው። የኤችዲ ዲቪዲ ጎራ በላስ ቬጋሱ የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ላይ ሊሰጠው የነበረውን መግለጫ በድንጋጤ ሰርዟል። በስልሳ ዶላሩ ዴክ ሠርጉ እየታየ፣ እናቴ የእያንዳንዱን ዕድምተኛ ስም እስከነአያቱ እየጠራች፣ የባለቤቴ ወንድም ዶሮውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ይከራከራል። ገና ዩኒቨርሳልና ፓራማውንት አሉ፤ ቶሺባ በነፃ የሚልካቸው አምስት ፊልሞችም በፖስታ ይመጡለታል።

"ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ" አለች እናቴ ዓይኗን ከሠርጉ ሳታነሳ።

"እማማ፣ እርስዎም ከሶኒ ጋር ሆኑብኝ?"

ይህን ጊዜ የራሱ ልጅ ከወለሉ ላይ ቀና አለና "አባዬ፣ የእኔ ፕሌይስቴሽን እኮ ብሉ ሬይ ያጫውታል" አለ። ዝም ተባለ፤ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሶኒ ከ2006 ኖቬምበር ጀምሮ ፕሌይስቴሽን 3 ውስጥ የብሉ ሬይ ዴክ ሸሽጎ በየልጆቹ መኝታ ቤት አስገብቶታል። በእኔ እምነት ዋርነርን የጎተተው ከሁሉ በላይ ይህ ነው። የኤችዲ ዲቪዲ ሰዎች ዴክ ገዢ ሲያባብሉ ሶኒ ጌም በሚጫወት ልጅ በኩል ሳሎን ገባ። ርካሹ ያሸንፋል የሚለው ሕግ አልፈረሰም ለማለት ይቻላል፤ ከአባቱ ኪስ ለወጣለት ልጅ ፕሌይስቴሽን ነፃ ነው።

የቀረው በፍጥነት አለቀ። ፌብሩዋሪ 11 ያኔ ሲዲ በፖስታ ያከራይ የነበረው ኔትፍሊክስና የኤሌክትሮኒክስ መደብሩ ቤስት ባይ ወደ ብሉ ሬይ አዘነበሉ፤ 15 ላይ ዋልማርት ተከተለ፤ 19 ላይ ቶሺባ ማምረቱን ማቆሙን አስታወቀ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2009፣ ቶሺባም የብሉ ሬይ ዴክ መሥራት ጀመረ።

እኔ ብሉ ሬይ የገዛሁት በ2010 ዋጋው ከወረደ በኋላ ነው። ቪሲዲ አያነብም። ስለዚህ የስልሳ ዶላሩ ዴክ ከጎኑ ቀረ፤ ቴሌቪዥኑ ሥር ሁለት ዴክ፣ ሦስት ሪሞትና ባለቤቴ በየሳምንቱ የምትረግመው የገመድ ጥልፍልፍ አለን። የባለቤቴ ወንድም ዴክ ተራ ዲቪዲ አሳምሮ ያጫውታል፤ አልጣለውም። ክርክሩንም አልጣለም። ኔትፍሊክስ ፊልም በኢንተርኔት ማሳየት የጀመረው ያ ሁሉ ግብግብ ሲካሄድ በ2007 መጀመሪያ ስለሆነ፣ ሲዲም ዴክም የማያስፈልገው ያ ርካሽ መንገድ ሶኒንም ቶሺባንም አብሮ ረታ፤ ስለዚህ ትክክል የነበርኩት እኔ ነኝ ይላል። ባለፈው ገናም ይህንኑ አለ። እናቴ በስልክ እየሰማችው ነበርና፣ እሱን ትተህ የሠርጉን ሲዲ አባዝተህ ላክልኝ፣ የእኔው ተጭሯል አለችው።