እትዬ፣ ወጥ ቤት

ደሴ፣ ኅዳር 26 ማታ

እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፈው። ቀኑን ሙሉ ሐይቅ ነበርን።

ነገሩ የተጀመረው መስከረም ላይ ነው። የድሮ የአዳሪ ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ቴሌግራም ላይ ተሰባስበው “የሞቱብንን አንድ ቀን እናስባቸው” ተባባሉ። ተማሪም፣ መምህርም፣ ሠራተኛም። ዝርዝሩን ማን ይያዝ ሲባል ሁሉም እኔን ጠቆመ። ድሮ የክፍል አለቃ ነበርኩ፤ የረበሸ ተማሪ ስም እየጻፍኩ ለዩኒት ሊደሩ የማቀብለው እኔ ነኝ። ቂማቸውን እንዲህ ተወጡብኝ።

የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቢኖር ቀላል ነበር። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ፋይሉ ተበታትኖ ቀረ። ስለዚህ ሥራዬ ስልክ መደወል ሆነ።

የመምህራኑ ቶሎ አለቀ። የመምህር ሞት ይሰማል። የሒሳቡ በስኳር፣ የእንግሊዝኛው በኮሮናው ጊዜ፣ ለቀስተኛ እንኳ በወጉ ሳይቆምለት። የተማሪዎቹም አላስቸገረም፤ አንዱ ስለ ሌላው ያውቃል። ቸርኬ እየደበደበ የሚቀሰቅሰን ዘበኛም ልጁ ኮምቦልቻ ተገኘ፤ የአባቱን ሙሉ ስም እስከ አያቱ አስጻፈኝ።

ወጥ ቤቱ ጋ ስደርስ ቆምኩ።

ሌሎቹ ወጥ ሠሪዎች እትዬ እከሊት፣ እትዬ እከሊት ነበሩ። እሷ እትዬ ብቻ ናት። አራት ዓመት፣ በቀን ሦስቴ፣ ጭልፋዋ ፊት ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። የአዳሪ ሽሮ መቼም መልክ የሚታይበት ቀጭን ነው፤ የታመመ ልጅ ካለ ግን እትዬ ከድስቱ ሥር ወፈር ያለውን ታወጣለታለች። ስሟን አንድም ቀን አልጠየቅኋትም።

ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ነው። ጥር፣ ያ የደሴ ብርድ አለ። ቸርኬው ተደበደበ፣ ሁሉም ተነሣ፣ እኔ ከአልጋዬ አልወርድም አልኩ። አንሶላዬ ደም ነክቶታል። ስለዚህ ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ የምሞት ነው የመሰለኝ። የአልጋዬ ጎረቤት ሮጣ ለእትዬ ነገረቻት። እጇ ሊጥ እንደሆነ መጣች። ምንም አልጠየቀችኝም። ወጥ ቤቱ ጓዳ ወስዳ በሩን ዘጋች። ያረጀ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ጫፉን በጥርሷ ነክሳ ተረተረችው። አራት ላይ አጥፋ ሰጠችኝ።

“በጨው ውሃ ታጥቢያታለሽ። ፀሐይ ላይ ታሰጫታለሽ። አብሽሪ፣ ሁላችንም እንዲሁ ነን።”

ከዚያ ጤና አዳም የገባበት ቡና በኩባያ። በሳምንቱ ያንን ነጠላ ለብሳ አየኋት። ባንዱ በኩል ጥለት የለውም።

እና የዚችን ሴት ስም አላውቅም።

ቢያንስ በሃይማኖቷ በኩል ዘመድ እንፈልግላት ብለን ነበር። እዚያ ላይ ደግሞ ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ “ክርስቲያን ናት፤ ሮብና አርብ ትጾም ነበር” አለ። ግማሹ “ምኑን! ረመዳን ለሱሁር የምትቀሰቅሰን እሷ አይደለች እንዴ?” አለ። ሁለቱም እውነት ነው። በበዓል ሁለት እርድ ነበር፤ ለክርስቲያኑ ለብቻ፣ ለሙስሊሙ ለብቻ። ሁለቱንም ድስት የምታማስለው እትዬ ናት። ከሁለቱም አትበላም። “ሥጋ ሆዴን ያመኛል” ትላለች። (ስለ ወሎ መቻቻል ቲቪ ላይ ሲወራ ቻናል እቀይራለሁ። እትዬ ስለ መቻቻል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ሁለት ማማሰያ ነበራት፤ እሱን አታቀያይርም።)

ሰኞ ገበያ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። የሚያውቃት ሞልቷል። “እትዬ? የአዳሪዋ? አፈር ይቅለላትና ጥሩ ሰው ነበረች።” ስሟስ? “እትዬ ነው እንጂ የምንላት።” በመጨረሻ “እትዬ፣ ወጥ ቤት” ብዬ ጻፍኩ። ቁጥር 17።

ሌላው የከበደኝ የ31 ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ሆኖ ለእረፍት ወደ ኩታበር ሲሄድ መንገድ ላይ ታፍሶ ብሔራዊ ውትድርና ገባ። 1981 ነው። አንድ ደብዳቤ ጻፈ፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ደርግም ወደቀ፣ የተረፈው ወታደርም በየመንገዱ እየለመነ በእግሩ ቤቱ ገባ፣ እሱ የለም። ስሙን እንደጻፍኩ እህቱ ደወለችልኝ። ከየት እንደሰማች እንጃ።

“እማዬ በሕይወት እያለች እንዳታደርጊው። ተዝካሩን አላወጣችለትም። ልብሱን በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ታጥበዋለች።”

ስሙን አጠፋሁት። ቁጥሩን ግን ማጥፋት አቃተኝ። 31 ብዬ ፊቱን ባዶ ተውኩት።

ፒያሳ ማተሚያ ቤት ወሰድኩት። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ስመለስ ስልሳ ኮፒ ደርድሮ ጠበቀኝ። አየሁት፤ 31 ላይ ሌላ ሰው ገብቷል።

“እትዬ፣ አንድ ቁጥር ዘላችሁ ነበር። አስተካከልኩላችሁ።”

ምን እለዋለሁ? ልጁ ደግ ነው፤ ስህተት መስሎት ነው። “መልሰው” አልኩት። “ስም የሌለው ሰው አለ።” ግር እያለው መለሰው። የሁለተኛውን ስልሳ ኮፒ ዋጋ አልቀበልም ብሎኝ በግድ ሰጠሁት።

ለዛሬ ሐይቅን የመረጥነው ቀኑ ስለሆነ ነው። ኅዳር 26 የአባ ኢየሱስ ሞዓ ዕረፍት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ እስጢፋኖስ ገዳም ላይ ተማሪ ሰብስበው ያስተማሩ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንኳ ከእሳቸው ዘንድ ተቀምጠው ነው የተማሩት። ያስጻፉት ወንጌል ዛሬም ገዳሙ ውስጥ አለ። ካሰብነው እኮ እሱም አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። የወሎ ሙስሊሞች የሚማሩባቸው ዳናም፣ ጀማ ንጉሥም እንዲሁ፤ ደረሳው ከሸኹ ዘንድ ያድራል፣ አገሬው ያበላዋል። በሁለቱም በኩል የመምህሩ ስም ይዘከራል። እንጀራ ስትጋግር የነበረችው ግን ማን ነበረች?

ገዳሙ ሴት አያስገባም። ክርስቲያን ወንዶቹ ገብተው አስቀደሱ። እኛ ሴቶቹና ሙስሊሞቹ ውሃው ዳር ዛፍ ሥር ቡና አፈላን። ጾመ ነቢያት ገብቷል፣ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ተነሣ፤ ሳያልቅ ዓሣው አለቀ።

ስሞቹን ሁለት ሰው ነው ያነበበው። አንዱ ዛሬ ቄስ ነው፣ አንዱ ሐጂ። ያኔ አንድ ተደራራቢ አልጋ ላይና ታች ይተኙ ነበር። የክርስቲያኑን ቄሱ እያነበበ “ነፍስ ይማር” ይላል። የሙስሊሙን ሐጂው እያነበበ ዱዓ ያደርጋል። እኛ ለሁለቱም አሜን፣ አሚን።

17 ላይ ሁለቱም ዝም አሉ። ተያዩ።

“ያንተ ናት፣ ቀጥል” አለ ቄሱ።

“ኧረ ያንተ ናት፣ በሞቴ” አለ ሐጂው። ልክ ጉርሻ እንደሚገፋፋ ሰው።

ከኋላ አንዱ “ተዉአት፣ ሆዷን ያማታል!” ብሎ ጮኸ።

ሳቅን። እኔ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት፤ አጠገቤ ያለችው ያቺ የአልጋ ጎረቤቴ ግን ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ቀረች። ሁለቱ ከዚያ አንድ ላይ አሉላት፣ ነፍስ ይማሩም ዱዓውም ተደባልቆ ምኑም አልተሰማ።

ቀጠሉ። ነፋስ መጣና ወረቀቱን በእጃችን ያዝነው። 29፣ 30። 31 ላይ ሲደርስ ቄሱ ቀና ብሎ አየኝ። ቁጥሩን ብቻ ጠራ። ትንሽ ቆየና 32ን አነበበ።