ይህ ጥናት ለማን ነው?

እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 2020 ማታ ስልኬን ይዤ ተቀምጫለሁ። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የሪከቨሪ ጥናታቸውን ውጤት ይፋ ያደረጉት ያን ቀን ነው። ዴክሳሜታሶን የሚባለው የቆየና ርካሽ መድኃኒት በኮቪድ የታመሙ ሰዎችን ከሞት እያተረፈ ነው። ወራት ሙሉ መጥፎ ዜና ብቻ ስንሰማ ነበርና በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ፌስቡክ ላይ ጻፍኩ፦ «በኮቪድ የሚሞቱትን በአንድ ሦስተኛ የሚቀንስ መድኃኒት ተገኘ!»

ሐኪም ነኝ። ስለ ሕክምና ጥናቶች ለሕዝብ መጻፍ ከጀመርኩ ያኔ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የሰው ሕይወት የሚነካ ግኝት ባለሙያ ብቻ በሚያነበው መጽሔት ውስጥ ተቀብሮ ሲቀር ያንገበግበኛል። እስከዚያ ድረስ ግን የምጽፈውን የሚያነቡት በአብዛኛው የሙያ ጓደኞቼ ነበሩ። ያን ማታ ጽሑፉ ከእጄ ወጣ። ሼር በሼር ሆነ።

እኩለ ሌሊት ገደማ አንዲት የማላውቃት ሴት ኢንቦክስ ላይ ጻፈችልኝ። «ዶክተር፣ አባቴን ሳልና ትኩሳት ጀምሯቸዋል። መድኃኒቱን አግኝቻለሁ። ዛሬ ማታ ልስጣቸው?»

ደነገጥኩ። «እባክዎ እንዳይሰጧቸው» ብዬ መለስኩ። መተንፈስ ይከብዳቸው እንደሆነ ጠየቅኳት። አይከብዳቸውም። ስኳር ግን አለባቸው። በማግስቱ ጠዋት ወደ ጤና ተቋም ወስዳ አስመረመረቻቸው። ኦክስጅን አላስፈለጋቸውም፤ ከቀናት በኋላ ተሻላቸው።

ጽሑፌን መልሼ አነበብኩት። መድኃኒቱ ኦክስጅን ለሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ብቻ እንደሆነ ጽፌያለሁ። የጻፍኩት ግን አምስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። እዚያ ድረስ ያነበበ ሰው ጥቂት ነው። እሷም «እሱን አላየሁትም» አለችኝ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ስልክ ላይ የሚነበበው የመጀመሪያው መስመር ነው። ያን መስመር የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

የጥናቱ ዝርዝር በኋላ ሲታተም ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። በመተንፈሻ ማሽን ከሚረዱ 100 ሕሙማን መካከል ያለ መድኃኒቱ 41 ገደማ በ28 ቀን ውስጥ ሞተዋል፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት ደግሞ 29 ገደማ። ያለ ማሽን ኦክስጅን ከሚሰጣቸው 100 ሰዎች የሟቾቹ ቁጥር ከ26 ወደ 23 ወረደ። ኦክስጅን ባላስፈለጋቸው ሰዎች ላይ ግን ምንም ጥቅም አልታየም። ምክንያቱም ይገባል። ሕመሙ ሲጠና ሳንባን ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ የራሱ የሰውነት መከላከያ ቁጣ ነው፤ ዴክሳሜታሶን ያን ቁጣ ያበርዳል። ገና በጅምሩ ከተሰጠ ግን ቫይረሱን እየታገለ ያለውን ሰውነት እጁን ሊይዘው ይችላል። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ የደም ስኳሩን ሽቅብ ይሰደዋል።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሬ የሚጀምረው በሰዎቹ ነው። «ሆስፒታል ተኝተው ኦክስጅን ለሚያገኙ የኮቪድ ሕሙማን» ብዬ እጀምርና የመድኃኒቱን ነገር ከዚያ አስከትላለሁ። ዜናው እንዲህ ሲጻፍ ይቀዘቅዛል። ይቀዝቅዝ።

ሁለተኛው ነገር ቁጥር ነው። «በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ»፣ «በእጥፍ ጨመረ» የሚሉ አባባሎችን ብቻቸውን መጻፍ አቁሜያለሁ። ለዚህ ያነቃኝ እ.ኤ.አ. በ1995 ብሪታንያ ውስጥ የሆነው ነው። የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴው አዲሶቹ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች የደም መርጋት አደጋን በእጥፍ ይጨምራሉ ብሎ አስጠነቀቀ። እውነት ነው፤ ግን አደጋው ያደገው ከ7,000 ሴቶች ከ1 ወደ 2 ነበር። ብዙ ሴቶች «እጥፍ» የሚለውን ሰምተው እንክብሉን አቆሙ። በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 13,000 የሚገመት ተጨማሪ ጽንስ ማቋረጥ ተመዘገበ። እርግዝና ራሱ ደግሞ ደም የመርጋት አደጋን ከእንክብሉ የበለጠ ይጨምራል። አንድም ውሸት ሳይነገር ይህ ሁሉ ሆነ። ይህን ታሪክ ሳስብ አሁንም ያመኛል። ስለዚህ ሁልጊዜ «ከስንት ሰው ስንቱ» ብዬ እጽፋለሁ። ጥናቱ ቁጥሩን በዚህ መልክ ካላስቀመጠው ራሴ አሰላለሁ። ማስላት ካልቻልኩ ጽሑፉ ይቆያል።

በጣም የጠቀመኝን ግን ያገኘሁት ከሥራ ቦታዬ ነው። ለታካሚ መድኃኒት ስናዝ «ገባዎት?» ማለት ብዙም አይረባም። ሁሉም «አዎ» ይላል። «እቤት ሲገቡ እንዴት ነው የሚወስዱት? እስቲ ይንገሩኝ» ማለት ይሻላል። ይህንኑ ለጽሑፌ አዋልኩት። እህቴ የሒሳብ ባለሙያ ናት፤ ከሕክምና ጋር አትተዋወቅም። ፖስት ከማድረጌ በፊት እልክላትና «አንዴ ብቻ አንብቢና የገባሽን ንገሪኝ» እላታለሁ።

አንድ ጊዜ ስለ እንቅልፍ ሰዓትና ስለ ልብ ሕመም ጻፍኩ። «ተያያዥነት ታይቷል» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ መርጫለሁ ብዬ ተማምኜ ነበር። አንብባ ደወለችልኝ። «እንግዲህ አምሽቼ ስለምተኛ ልቤን ሊያመኝ ነው ማለት ነው» አለች። ለኛ «ተያያዥነት» እና «መንስኤ» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ለእሷ አንድ ናቸው። እንደገና ጻፍኩት፦ «አምሽተው የሚተኙ ሰዎች የሌሊት ሥራ፣ ጭንቀት ወይም ሲጋራ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ልባቸውን የጎዳው የትኛው እንደሆነ ይህ ጥናት መለየት አይችልም።» ረዘመ፤ ግን ገባት። አሁን እሷ አንብባ ሳትነግረኝ ምንም አልለጥፍም።

የሚፈትነኝ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ትዊተር ላይ የተዘዋወሩ 126,000 ገደማ ወሬዎችን ተከታትሎ ነበር። ሐሰተኛው ከእውነተኛው ይልቅ በፍጥነትም በስፋትም ተጉዟል፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት ሮቦት (በኮምፒውተር ፕሮግራም በራሱ የሚለጥፍ አካውንት) ሳይሆን ሰው ነው። አዲስና አስደናቂ የሚመስል ወሬ ይስበናል። ይህን ሳነብ እኔም ርዕሴን ሞቅ ላድርገው ያሰኘኛል። የምጽፈው እውነት ነው፣ ታዲያ ለምን አይሰማም? እላለሁ። ከዚያ የዚያች ሴት መልእክት ትዝ ይለኛል። ብዙ ሼር የተደረገልኝ ጽሑፍ በጣም የጎዳው ሊሆን ምንም አልቀረው።

ያን ማታ ጽሑፉን አጥፍቼው ነበር። ልክ አልነበርኩም። ከሦስት ቀን በኋላ የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስክሪንሾቱ መጣ። ርዕሱና ስሜ ብቻ ተቆርጠው ቀርተዋል፤ ስለ ኦክስጅን አንድም ቃል የለም። ጽሑፉ በቦታው ኖሮ እርማቱን ከላይ ጽፌበት ቢሆን፣ ቢያንስ ተመልሶ የሚያይ ሰው ያገኘው ነበር። ዛሬ ስሳሳት አላጠፋም። ቀኑን ጠቅሼ እዚያው አናት ላይ አርማለሁ። ምስል ስሠራም ጥናቱ በማን ላይ እንደተሠራ ከርዕሱ ጋር አንድ መስመር ላይ ይሆናል፤ ማንም ቆርጦ ሊለያቸው እንዳይችል። ሙከራው በአይጥ ላይ ከሆነ «በአይጥ» የሚለው ቃል ከሁሉም በትልቁ ይጻፋል።