ጥር 6ን ጣሪያ ላይ

ገና በዋለ በሳምንቱ አህመዳባድ ነበርኩ፤ የህንዷ ጉጃራት ትልቋ ከተማ። እዚያ የሚማር ጓደኛዬ “መቼም ብትመጣ ለኡታራያን ና” ሲለኝ ከርሞ ነው ከሙምባይ በባቡር የሄድኩት። ኡታራያን ፀሐይ ወደ ሰሜን መመለስ ጀመረች፣ ብርዱም ሊወጣ ነው ተብሎ የሚከበር በዓል ነው። የሚከበረው ደግሞ ካይት በማብረር!

እኔ የማውቀው ካይት ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከፌስታልና ከስንጥር የምንሠራውን ነው። ከፍ ካለልን በቃ፣ ደስታችን ያው ነው። እዚህ ግን ካይት ይዋጋል።

ከበዓሉ በፊት አሮጌው ከተማ፣ ራይፑር በር አካባቢ ወጣን። መንገድ ዳር እንጨት ተክለው በመሃሉ ክር ወጥረዋል። ሠራተኞቹ በሩዝ ሙጫ፣ በተፈጨ ብርጭቆና በቀለም የተቦካውን በመዳፋቸው ይዘው ክሩን እየቀቡ ይመላለሳሉ። ጣታቸውን ብርጭቆው እንዳይበላው ጠቅልለውታል። ቀለሙ ብዙውን ጊዜ ደማቅ ሮዝ ስለሆነ አስፋልቱም፣ እጃቸውም፣ ልብሳቸውም ሮዝ ሆኗል። ክሩን ማንጃ ይሉታል። የሌላውን ካይት ክር የሚቆርጠው እሱ ነው።

በበዓሉ ቀን ጓደኛዬ አብሮት የሚማር ልጅ ቤት ወሰደኝ። ሰፈሩ ፖል ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው ከጣሪያ ጣሪያ ቡና መጠራራት ያስችላሉ። ከጠዋት ጀምሮ ቤት ውስጥ የቀረ ሰው የለም። “ባ” የሚሏቸው አያት ሳይቀሩ ወንበር ወጥቶላቸው ፀሐይ እየሞቁ ያያሉ።

ለእኔ ፊርኪ ሰጡኝ። ግራና ቀኝ እጀታ ያለው፣ ክሩ የሚጠቀለልበት እንጨት ነው። መጀመሪያ ዓይኔ ሰማይ ላይ ቀርቶ ክሩ እግሬ ሥር ተተበተበ። ይሄኔ የቤቱ ትንሽ ልጅ ክንዴን ጎተት አድርጎ ካይቱን የሚያበረውን የአባቱን እጅ በጣቱ አሳየኝ። ከዚያ በኋላ ገባኝ። አባትየው ሲለቅ እንጨቱ መዳፌ ላይ እየተሽከረከረ ያቃጥላል፣ ሲስብ ቶሎ ቶሎ እጠቀልላለሁ። ከማዶ ጣሪያ የመጣ ቢጫ ካይት ከኛው ጋር ተጠላለፈ፤ አባትየው ክሩን ለቀቀ፣ ለቀቀ፣ አሁንም ለቀቀ... ቢጫው ክሩ ተበጥሶ እየተንሳፈፈ ሄደ። “ካይ ፖ ቼ!” ጣሪያው በጩኸት ተናጋ። ቆረጥኩት እንደማለት ነው። የማዶዎቹ ሳቁ፣ እጃቸውን አወዛወዙልን፣ ወዲያው ሌላ ሰቀሉ። ታች ደግሞ ልጆች ረጅም እንጨት ይዘው የተቆረጠውን ለመያዝ ይሯሯጣሉ።

ምሳው ኡንዲዩ ነበር፤ ስኳር ድንች፣ ደበርጃንና ባቄላ መሳይ እሸት በቅመም አብሮ የበሰለ። ከጎኑ ጃለቢ የሚባል ጣፋጭ። ሐረርና ድሬዳዋ የበላ ሰው ያውቀዋል፣ የኛው ሙሸበክ ነው! ሰሊጥ በሸንኮራ ስኳር የተጋገረውን ቺኪ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስንቆረጥም ዋልን።

ልቤን የከበደውም አለ። ይሄ ክር ለወፍ ስለት ነው። ለዚህ ነው በማለዳና በምሽት፣ ወፎች ከጎጇቸው ሲወጡና ሲገቡ፣ ካይት አታብርሩ የሚባለው። የቆሰሉትን የሚሰበስቡ በጎ ፈቃደኞችም አሉ። የማይበጠሰው የናይለን ክር እ.ኤ.አ. በ2017 በመላ ህንድ ታግዷል፤ ሰው ግን አሁንም ይፈራል። ብዙ ሞተረኞች አንገታቸውን ጠቅልለው፣ መሪያቸው ላይ ክሩን የሚመልስ ሽቦ አጉብጠው አስረው ነው የሚነዱት። የናይለኑን የሚሸጥም የሚገዛም ቢያስብበት ምናለ።

በሳባርማቲ ወንዝ ዳር ዓለም አቀፍ ፌስቲቫልም አለ። ትላልቆቹን ካይቶች አይተናል፣ ያምራሉ። የኔ በዓል ግን ጣሪያው ላይ ነበር።

ሲመሽ ክሩ ላይ የወረቀት ፋኖስ ደርድረው ለቀቁት። ቱካል ይባላል። ብርሃኑ ተከታትሎ ጨለማው ውስጥ ሲወጣ ያ ሁሉ ጫጫታ ጸጥ አለ። ባ ቺኪ ቆርሰው በእጄ አስያዙኝና ነገም አለ አሉኝ፤ ቫሲ ኡታራያን፣ “ያደረው” ማለት ነው። ጣቶቼ ሮዝ እንደሆኑ ፊርኪውን ትራሴ አጠገብ አስቀምጬ ተኛሁ።