ናራ፣ የካቲት 26 ማታ

ጃፓን ውስጥ ያለችው ናራ ከተማ የገባሁት የካቲት 26 ነው፣ በነሱ አቆጣጠር ማርች 5። ከኦሳካ ናምባ በኪንቴትሱ ባቡር 40 ደቂቃ ያህል ነው። ቀኑን የመረጥኩት አስቤበት ነው፣ ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበርና ምሳ ፍለጋ ስዞር ቻጋዩ የሚባል በሻይ የተቀቀለ ሩዝ አገኘሁ። ቀጠን ያለ አጥሚት ነገር ነው፣ ከጎኑ በጨው የቆየ አትክልት ይቀርባል። ለጾመኛ እንዴት እንደሚመች!

የመጣሁት ለኦሚዙቶሪ ነው፣ ውሃ መቅዳት እንደማለት። በቶዳይጂ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ግቢ፣ ኮረብታው ላይ፣ ኒጋትሱዶ የሚባል የእንጨት አዳራሽ አለ። በየዓመቱ ከማርች 1 እስከ 14 ድረስ 11 መነኮሳት እዚያ እየገቡ ስለ ሰው ሁሉ በደል ንስሐ ይገባሉ። በቀን የሚበሉት አንዴ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሌሊቱ ጸሎት እስኪያልቅ ውሃም አይቀምሱ። ከ752 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምነግራችሁ) አንድም ዓመት አልተቋረጠም። በ1667 በዚሁ ሥርዓት መሃል አዳራሹ ራሱ ተቃጥሎ ነበር፣ መልሰው ሠሩት። ውሃው የሚቀዳው በ12ኛው ቀን ሌሊት፣ ሲነጋጋ ሳይሆን ገና በድቅድቅ ጨለማ ነው። የናራ ሰዎች ኦሚዙቶሪ ካላለፈ ብርዱ አይወጣም ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው።

11 ሰዓት ላይ ከአዳራሹ በታች ሣሩ ላይ ቦታ ያዝኩ። መግቢያ በነጻ ነው። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፣ ሁለት ካልሲ ደርባችሁ ሂዱ። ልክ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን መብራቱ ጠፋ፣ ደወል ተደወለ፣ የመጀመሪያው ችቦ በደረጃው በኩል ብቅ አለ። ችቦ ስላችሁ የኛን የቡሄ ችቦ እንዳታስቡ። ቁመቱ ስድስት ሜትር ገደማ የሚሆን ሙሉ ቀርከሃ ነው፣ ጫፉ ላይ የጥድ ዓይነት ቅጠል እንደ ትልቅ ኳስ ታስሮበታል። ተሸካሚው ሰገነቱ ጥግ ላይ ደርሶ ከአጥሩ ውጭ ያሽከረክረዋል፣ ከዚያ ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ሌላኛው ጥግ ይሮጣል፣ ፍሙ እንደ ዝናብ እኛ ላይ ይወርዳል። እንዲህ እያለ አሥር ችቦ። እሳቱ ሲያልቅ ሕዝቡ ጎንበስ ብሎ የተቃጠለውን ቅጠል ይለቅማል፣ ለበረከት ቤት ይወስደዋል። እኔም ከደመራ አመድ ግንባሬን እየተቀባሁ ያደግኩ ሰው ነኝና ሳላስበው እጄ ተዘረጋ። አንዲት ቅንጣት ኪሴ ከተትኩ።

ከዚህ በኋላ አብዛኛው ሰው ወደ ባቡር ጣቢያ ይሄዳል። እባካችሁ አትሂዱ! ዋናው ነገር ገና መጀመሩ ነው።

ሴቶች ወደ አዳራሹ መሃል አንገባም። በዙሪያው ባሉት ጨለማ ክፍሎች ቁጭ ብለን በእንጨት ፍርግርግ በኩል እናዳምጣለን። መጀመሪያ ከፋኝ። ቆይቼ ግን ዓይኔን ተውኩትና ጆሮዬን ሰጠሁ። የዘይት መብራት፣ ነጭ መጋረጃ ላይ የሚያልፍ ጥላ፣ የእንጨት ጫማ ወለሉን ቋ ቋ ቋ ሲያደርግ። መነኮሳቱ የሚለማመኗት ባለ 11 ፊቷን ካኖን፣ የቡድሃ እምነት የርኅራኄ ቅድስት የሆነችውን ነው፣ ምስሏን ግን መነኮሳቱ ራሳቸው አያዩትም። ስሟን እየጠሩ «ናሙ ካንጂዛይ ቦሳ» እያሉ በቀስታ ይጀምራሉ። ከዚያ «ናሙ ካንጂዛይ» ብቻ ይሆናል፣ ዜማው ይፈጥናል፣ በመጨረሻ «ናሙ ካን፣ ናሙ ካን»። ማኅሌት ላይ ወረቡ ሲሞቅ የሚሰማኝ ነገር ደረቴ ውስጥ ገባ።

እንግዲህ ቀኑን የመረጥኩበት ምክንያት። በማርች 5 እና 12 ማታ ለቤተ መቅደሱ የደከሙ ሙታን ስም ይነበባል፣ ቤተ መቅደሱን ካሠራው ከንጉሠ ነገሥት ሾሙ ጀምሮ። በ1200ዎቹ መጀመሪያ ግድም አንድ መነኩሴ ይህን መዝገብ ሲያነብ ሰማያዊ የለበሰች ሴት ፊቱ ቆማ «የኔን ስም ለምን ዘለልከው?» አለችው ይባላል። ስሟን አያውቅም። ልብሷን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰማያዊ የለበሰችው ሴት» ብሎ አነበበ። እሷም ጠፋች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ትጠራለች።

ጃፓንኛዬ ለዚህ አይበቃም፣ ያልፈኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ሰዓቱ ሲደርስ ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ። እውነትም የአንባቢው ድምፅ ወረደ፣ ሹክሹክታ ሊሆን ምንም አልቀረው። ፍርግርጉ ጋ የነበርነው ሴቶች ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። አሮጊቷ ግንባራቸው ወለሉን እስኪነካ አጎነበሱ። ስም የሌላት ሴት በስሟ ቦታ በልብሷ ስትጠራ መስማት፣ ያውም ከውጭ ሆኖ ከሚሰማ ሴት ጋር... እንባዬ መጣ።

ከዚያ ሩጫው ሆነ። ሥርዓቱን የጀመረው ጂቹ የተባለው መነኩሴ ሰማይ ቤት ያየውን ነው ምድር ላይ ያመጣው ይላሉ። የሰማይ አንድ ቀን እዚህ 400 ዓመት ነው፣ ስለዚህ ለመድረስ መሮጥ ያስፈልጋል። መነኮሳቱ ጫማቸውን አወለቁ፣ በካልሲ ብቻ መጋረጃውን እየዞሩ ሮጡ። አንድ በአንድ ከሩጫው ሲወጡ ዳናው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ፣ በመጨረሻ የአንድ ሰው እግር ብቻ ቀረ።