ደረቅ የዶሮ ቤት፦ በደብረ ማርቆስ ጓሮዬ የሠራሁትና ያስተማረኝ

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ዶሮ የኖረው በአብዛኛው ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ ማታ ጓዳ ውስጥ በተሠራ ቆጥ ላይ ይሰፍራል፣ ሲነጋ ወደ ደጅ ይለቀቃል። ለዶሮ የተለየ ቤት የሚሠራ ሰው ሲገኝም አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ብርድ ነው፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ይህ አያስገርምም። እኔም ለ12 የአበሻ ዶሮዎች የሚሆን ቤት ለመሥራት ስነሣ፣ ከጎረቤት የሰማሁት ምክር ሁሉ ግጥም አድርጌ እንድመርገው የሚያሳስብ ነበር። ንድፉን ያወጣሁት ግን ከዚህ በተለየ ሐሳብ ነው፤ ላባዋ ደረቅ የሆነ ዶሮ የደጋን ብርድ ብዙም ሳትጎዳ ታሳልፋለች፣ የሚጎዳት በእርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ታፍኖ ማደር ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዶሮ በላብ የምታስወጣው ውሃ የለም፤ ከሰውነቷ የሚወጣው እርጥበት በትንፋሿና በኩሷ በኩል ያልፋል። ይህ እርጥበት መውጫ ካጣ ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ ከኩሱም አሞኒያ የተባለው ዓይንና ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ይነሣል። ጫጩቶችን ደም እያስቀመጠ የሚፈጀው ኮክሲዲዮሲስም ቢሆን፣ ተውሳኩ ከኩስ ጋር ወጥቶ ሌላዋን ለመበከል የሚበቃው እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ነው።

ስለዚህ ሥራውን የጀመርኩት ከመሬቱ ነው። በጓሮው ውስጥ የክረምት ጎርፍ የማይተኛበትን ከፍ ያለ ቦታ መረጥኩ፤ በጥቁር ድንጋይ ጉልበት የሚደርስ መሠረት አስነሣሁ፣ ላዩንም ወደ በሩ በጥቂቱ ያዘነበለ ሊሾ አደረግኩበት። በዙሪያው ቦይ ተቆፈረ፣ ዶሮዎቹ በሚመላለሱበት ደጃፍም ጠጠር ተነጠፈ፤ የጎጃም ጭቃ በሐምሌ ምን እንደሚመስል ለአገሩ ሰው መንገር አያስፈልግም።

የቤቱ ርዝመት 2.5 ሜትር፣ ወርዱ ደግሞ 1.2 ሜትር ነው። ስፋቱ ለአንድ ካሬ ሜትር አራት ዶሮ ይደርሳል፤ ወርዱን ያጠበብኩት ግን ሆን ብዬ ነው፤ በሩ በረጅሙ ጎን ሲከፈት ቆሜ እስከ ኋላው ግድግዳ ድረስ በእጄ ስለምደርስ፣ ለማጽዳት ጎንበስ ብሎ መግባት አያስፈልግም። ለማጽዳት የሚያስቸግር ቤት ደግሞ፣ ባለቤቱ የቱንም ያህል ትጉህ ቢሆን፣ ሳይጸዳ ይሰነብታል።

ግድግዳው ከባሕር ዛፍ የተማገረና በጭድ ጭቃ የተመረገ ነው። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞርኩት የጠዋት ፀሐይ ገብታ ጉዝጓዙን እንድታደርቀው ብዬ ነው፤ ወደ ዓባይ በረሃ ቀረብ ባሉት ሞቃታማ ቀበሌዎች ግን ረጅሙን ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ዘርግቶ ፀሐይን መሸሽ ይሻላል። በጓሮዬ ዝናብ ከነፋስ ጋር የሚመጣባቸውን የምዕራብንና የደቡብን ግድግዳዎች እስከ ላይ አስመረግኩ፤ ከጣሪያው ሥር ብቻ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ተተወ። በምሥራቅና በሰሜን በኩል ምርጊቱ 1.1 ሜትር ላይ ያቆማል፣ ከዚያ በላይ ሽቦ ነው። አናጢው ይህን ሲያይ እጁን ከሥራው አነሣ። «አንተ ልጅ፣ ግማሹን ክፍት ትተህ ልታሳድራቸው ነው? ውርጩ ይጨርሳቸዋል» አለኝ። «ጋሼ፣ ቆጡ ከክፍቱ በታች ስለሆነ ነፋሱ በላያቸው ነው የሚያልፈው» ብዬ መለስኩለት፤ ሠራው እንጂ አላመነኝም።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ጣሪያው ነበር። የቆርቆሮ ክዳን ሌሊት ሲቀዘቅዝ የዶሮዎቹ ትንፋሽ ከሥሩ ጤዛ ሆኖ ይይዝና ወደ ጉዝጓዙ ይንጠባጠባል። ይህን ለመከላከል ከቆርቆሮው ሥር፣ ጥቂት ክፍተት ትቼ፣ ከአዊ በኩል ከሚመጣው ቀርከሃ የተሠራ ፍልጥ ኮርኒስ አስገባሁ። ክፈፉም ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲወጣ አደረግኩ፤ ይህ ለቆርቆሮ ተጨማሪ ወጪ ቢጠይቅም ምርጊቱን ከዝናብ አድኖልኛል፣ ለመጠጫውም መጠለያ ሆኗል። መጠጫ ቤት ውስጥ አይቀመጥም፤ ዶሮ በጨለማ ስለማትጠጣ ሌሊት አይጎድልባትም፣ የሚፈሰውም ውሃ በጉዝጓዙ ላይ አይደርስም።

ቆጡ አንድ ረድፍ ብቻ ነው፤ በሁለት ደረጃ ከተሠራ ሁሉም ወደ ላይኛው ለመውጣት ይደባደባሉ። ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ታስቦ፣ የተላጠና ጠርዙ ያልሾለ የባሕር ዛፍ አግዳሚ ነው። በምስማር ሳይመታ በማረፊያው ላይ ስለተቀመጠ እየተነሣ ጫፉ ይታያል፤ ሌሊት የዶሮ ደም የሚመጥጡት ጥቃቅን ተባዮች ቀን የሚደበቁት በዚያ ነውና። እንቁላል መጣያዎቹ ከቆጡ ዝቅ ብለው፣ ጨለም ብለው፣ ከግድግዳው ወደ ውጭ ወጥተው በክዳን ይከፈታሉ። ከቆጡ ከፍ ቢሉ ኖሮ ዶሮዎቹ እዚያው ያድሩባቸውና እንቁላሉ በኩስ ይበላሽ ነበር።

ሸለምጥማጥን በተመለከተ አጭር ምክር አለኝ፦ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ስስ የዶሮ ሽቦ ዶሮን ከመውጣት ይከለክላል እንጂ አውሬን ከመግባት አያግድም። የእኔ ሽቦ ጣት የማያሳልፍና የተበየደ ነው፤ በደጃፉ አጥር ሥር ደግሞ ወደ ውጭ ታጥፎ በድንጋይ ተጭኗል።

የመጀመሪያው ክረምት ሲያልፍ መለኪያዬ ቀላል ነበር። ጠዋት በሩን ከፍቼ ጭንቅላቴን በቆጡ ልክ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ዓይኔን ካቃጠለኝ አየሩ አልበቃም ማለት ነው። ከጉዝጓዙም፣ ሳጋቱራና የተከተፈ ጭድ ነው፣ አንድ ጭብጥ እጨምቃለሁ፤ ድቡልቡል ሆኖ ከቀረ ይገለበጣል፣ አለዚያም ይለወጣል። የነሐሴ ዝናብ በበረታበት ወቅት በሰሜኑ ክፍት ላይ የማዳበሪያ ጆንያ በመጋረጃ መልክ ሰቅዬ ነበር፤ ከታች ሳይሆን ከላይ ክፍት መተው እንዳለበትም ተረዳሁ፣ እርጥብና ሞቃት አየር የሚወጣው ወደ ላይ ነውና። ወጥቶ የሚከመረው ጉዝጓዝ ለጎመኑ መደብ ይውላል፤ ትኩሱን ከሰጡት ግን ተክሉን ያቃጥላል፣ ለወራት ሊብላላ ይገባል።

ቤቱ የማይመክተው አንድ ነገር ፈንግል የተባለው የዶሮ ወረርሽኝ ነው። ለእሱ ክትባት ነው መከላከያው፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆንና አንዴ ከተበጠበጠ ሳይቆይ ማለቅ ስላለበት ከጎረቤቶቼ ጋር ቀን ቆርጠን እናስከትባለን፤ የእኔዎቹ ሁሉም በአንድ በር ስለሚዘጉ በዚያ ቀን የምታመልጥ ዶሮ የለችም። ከገበያ የገዛኋትንም ወዲያው አልቀላቅልም፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ከግቢው ሌላ ጫፍ፣ ለብቻዋ፣ በራሷ መጠጫ ትቆያለች።

አናጢው ባለፈው በጋ ለራሱ ሲሠራ ክፍቱን ወደ ምሥራቅ አደረገው፤ ክፈፉን ግን አሳጠረው፣ ቆርቆሮ ተወዷል ብሎ።